አርማ ያረፈበት ማጭድ፦ መሣሪያን ለደንበኛና ለሠራተኛ በስጦታ መስጠት መቼ ይጠቅማል፣ መቼስ ይጎዳል?

በይፋት ቆላ ማሽላው ሲደርስ በየቤቱ የተሰቀለው ማጭድ ይወርዳል። ዝገቱ ይፋቃል፤ የላላው እጀታ ይጠብቃል፤ የዶለዶመው ወደ ቀጥቃጭ ይላካል። ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በምትገኘው ጀውሃና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች መሣሪያ የቤት ጌጥ አይደለም። በአጨዳ ሳምንት የተሰበረ ማጭድ የአንድን ሰው የሥራ ቀን ያስቀራል፤ የውሃ ተራ በደረሰ ሌሊት የተሰበረ አካፋም ለቀጣዩ ተራ እስኪደርስ ድረስ ሽንኩርቱን ያስጠማል።

ነጋዴዎች፣ ማኅበራትና ድርጅቶች ስማቸውን ወይም አርማቸውን ያሳረፉበትን መሣሪያ ለደንበኞቻቸውና ለሠራተኞቻቸው በስጦታ ለመስጠት ሲያስቡ ይህን እውነት ቀድመው ሊያጤኑት ይገባል። መሣሪያ ከሌሎች የማስተዋወቂያ ስጦታዎች የሚለየው ሰው ኑሮውን የሚሠራበት ዕቃ በመሆኑ ነው። ጥሩ ከሆነ የሰጪውን ስም ለዓመታት ያስጠራል፤ መጥፎ ከሆነ ደግሞ ስሙን ከተሰበረው ብረት ጋር አብሮ ይጥለዋል።

የቀን መቁጠሪያው፣ ጃንጥላውና የዘይት ቆርቆሮው

ስም የታተመበትን ዕቃ በስጦታ መስጠት በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ዘመን ሲለወጥ ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና ታላላቅ መደብሮች የግድግዳ የቀን መቁጠሪያና አጀንዳ ያድላሉ። በዓለም አቀፉ የሠራተኞች ቀን የድርጅቱ ስም ያለበት ካናቴራና ኮፍያ ይለበሳል። የለስላሳ መጠጥ ኩባንያዎች አርማቸውን የያዘ ጃንጥላ፣ ወንበርና ማቀዝቀዣ ለሱቆች ያቀርባሉ። በዋናው መንገድ ዳር ባሉ የይፋት ከተሞች የሚያልፍ መንገደኛም ይህንን በየሱቁ ደጃፍ ያያል።

የዕቃ ጠቃሚነት የምልክትን ዕድሜ እንዴት እንደሚያራዝም ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው ግን ለማስታወቂያ ተብሎ ያልተሠራ ዕቃ ነው። በእርዳታ የሚመጣው የምግብ ዘይት ቆርቆሮ ዘይቱ ካለቀ በኋላም የለጋሹን ምልክት እንደያዘ ውሃ ይቀዳበታል፤ እህል ይሰፈርበታል። በአዲስ አበባ መርካቶ በምናለሽ ተራ ደግሞ ተቆርጦና ተቀጥቅጦ ሌላ የቤት ዕቃ ይሆናል። ምልክቱ ከዘይቱ በላይ የኖረው ቆርቆሮው ሥራ ስለሚሠራ ነው።

ሐሳቡ በሌላው ዓለምም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኮሾክተን በምትባል ከተማ አንድ የጋዜጣ አሳታሚ የጫማ መደብር ስም የታተመባቸው የተማሪ ቦርሳዎች ማዘጋጀቱ የዚህ ንግድ መነሻ ተደርጎ ይተረካል። ልጆች ቦርሳውን ይዘው በከተማዋ በተመላለሱ ቁጥር የመደብሩ ስም አብሯቸው ይመላለስ ነበር። በኋላም የዘርና የእርሻ መኪና ኩባንያዎች አርማቸው ያለበትን ኮፍያ ለገበሬዎች ማደል ጀመሩ። ኮፍያው ፀሐይን ይከላከል ስለነበር ገበሬው ሳይከፈለው የኩባንያው አስተዋዋቂ ሆነ።

መሣሪያ ለምን ይታወሳል?

በመሣሪያ ላይ ያረፈ ስም ኃይል የሚያገኘው ከሦስት ነገሮች ነው። አንደኛው ድግግሞሽ ነው። የራዲዮ ማስታወቂያ ተነግሮ ያልፋል፤ መኮትኮቻ ግን በአረም ወቅት በየቀኑ እጅ ላይ ይውላል። ሁለተኛው ጊዜው ነው። ስሙ የሚታየው ሰውየው በሥራ ላይ ሳለ በመሆኑ ዘር፣ ማዳበሪያ ወይም የፓምፕ መለዋወጫ ሲያስፈልገው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ያንን ስም ይሆናል። ሦስተኛው መዋዋስ ነው። በገጠር መሣሪያ ከጎረቤት ጎረቤት ይዞራል፤ በደቦና በወንፈል ጊዜም በአንድ ማሳ ላይ ብዙ ሰው ያየዋል። በመሆኑም ለአንድ ሰው የተሰጠ አካፋ በብዙ ሰዎች ፊት ይመሰክራል።

ይኸው ምስክርነት ግን ወደ ሰጪው ሊዞር ይችላል። በርካሽ ቆርቆሮ ተሠርቶ በሁለተኛው ቀን የተቆለመመ አካፋ በደቦው መካከል መሳቂያ ይሆናል። ስጦታ በመሆኑ ተቀባዩ ለሰጪው አይከስም፤ ዝም ብሎ ይታዘባል። «የእሱ ዕቃ እንዲህ ነው» የሚለው ትዝብት ደግሞ በስጦታው ላይ ብቻ አይቆምም፤ በሱቁ ውስጥ ወዳለው ዘርና ዕቃ ሁሉ ይሸጋገራል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። የሚከተሉት አኃዞች የገበያ ዋጋ ሳይሆኑ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ነጋዴ 20 ሺህ ብር መደበ እንበል። በዚህ ገንዘብ እያንዳንዳቸው 100 ብር የሚያወጡ 200 ኮፍያዎችን ወይም እያንዳንዳቸው 500 ብር የሚያወጡ 40 መኮትኮቻዎችን ሊያሠራ ይችላል። ኮፍያው ለ30 ቀን ቢደረግ ስሙ የታየበት አንድ ቀን 3 ብር ከ33 ሳንቲም ያህል ያስወጣዋል። መኮትኮቻው በዓመት 60 ቀን፣ ለአራት ዓመት ቢያገለግል 240 የሥራ ቀናት ይሆናሉ፤ የአንዱ ቀን ወጪም ወደ 2 ብር ከ8 ሳንቲም ይወርዳል። መኮትኮቻው በአምስተኛው ቀን ቢሰበር ግን አንዱ ቀን 100 ብር ወጣበት ማለት ነው፤ የጠፋው ስም ሳይቆጠር። ስለዚህ ለብዙ ሰው ደካማ መሣሪያ ከማደል ለጥቂት ደንበኞች ጠንካራ መሣሪያ መስጠት ይሻላል።

ለማን ምን ይሰጥ?

በጀውሃና በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይመረታል፤ የጀውሃንና የሮቢን የመሳሰሉ ወንዞች በመጥለፍም ሽንኩርትና ሌሎች አትክልቶች ይለማሉ። ስጦታውም ከዚህ ሥራ ጋር ሊገጥም ይገባል። ለሽንኩርት አምራች ቀላልና ስለታም መኮትኮቻ፣ ለማሽላ አምራች ማጭድ፣ በመስኖ ለሚያለማ አካፋ ይስማማዋል። የውሃ ተራ በሌሊት ለሚደርሰው አርሶ አደር ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ የእጅ ባትሪ ከማንኛውም የቀን መቁጠሪያ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ማሾና ማሽላ ለሚያከማች ቤተሰብ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር የእህል ከረጢት ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለቱ የውስጥ የፕላስቲክ ንብርብሮች በሚገባ ሲታሰሩ በውስጥ ያለው ኦክስጅን ይመናመናል፤ ነቀዝም ያለ ኬሚካል ይሞታል ወይም መራባቱን ያቆማል። ከላይ ያለው ሦስተኛው ንብርብር ሰፊ የመጻፊያ ቦታ ስላለው ከአርማው ጎን የአጠቃቀም መመሪያ ሊታተምበት ይችላል።

በከተማ ያለው ደንበኛ ሌላ ነው። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ለአናጢው ሜትር፣ ለግንበኛው ካዞላ ወይም ውሃ ልክ ቢሰጥ ምርጫው ትክክል ነው። የመለዋወጫ ሱቅም ለባጃጅ አሽከርካሪው ካቻቢቴና ፒንሳ የያዘች ትንሽ ቦርሳ ሊሰጥ ይችላል። መሣሪያው ከእጅ ጋር መስማማት እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም። በአረምና በኩትኳቶ የሴቶች ድርሻ ከፍተኛ ሆኖ ሳለ ለወንድ ክንድ ብቻ የተመጠነ ከባድ መኮትኮቻ ማደል ከተጠቃሚዎቹ ብዙዎቹን መርሳት ይሆናል።

ምልክቱም መታሰብ አለበት። ይፋት አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙበት ምድር ነው፤ የሰንበቴን የእሑድ ገበያ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። በአንድ ቋንቋ ብቻ በረጅሙ ከተጻፈ ስም ይልቅ ማንም የሚለየው ቀላል ሥዕል፣ ለምሳሌ የማሽላ ራስ ወይም የውሃ ጠብታ፣ ለሁሉም ይናገራል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብተው በሚኖሩበት አካባቢ የአንዱን እምነት ምልክት ለንግድ መጠቀም ወይም የአልኮል መጠጥ አርማ ያለበትን ዕቃ ለማይጠጣ ደንበኛ መስጠት ከስጦታነት ይልቅ ንቀት መስሎ ሊታይ ይችላል።

አርማው እንዴትና የት ይረፍ?

በብረት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ከመጀመሪያው ጭቃ አያልፍም። ቀለምም ከአፈርና ከድንጋይ ጋር በሚፋተግ ክፍል ላይ ከሆነ ቶሎ ይለቃል። ከሁሉ የሚበረታው በብረት ማኅተም ተመትቶ የሰረጎደ ጽሑፍ ነው። የእንጨት እጀታ ሲሆን ደግሞ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት ለዘመናት ይቆያል፤ ከብቱን በትኩስ ለሚለይ ማኅበረሰብም ይህ ባዕድ አይደለም። በከተሞች በሌዘር የሚቀርጹና በስክሪን የሚያትሙ ቤቶችም እየተለመዱ ነው።

ቦታው ከዘዴው እኩል ወሳኝ ነው። ምልክቱ በስለቱ ላይ ካረፈ በመሳል ብዛት ይጠፋል፤ ከዚያም በላይ የተመታው ስርጉድ ብረቱ መሰንጠቅ የሚጀምርበት ደካማ ነጥብ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ማኅተሙ ከስለቱ ርቆ፣ ወደ እጀታው በሚጠጋው ወፍራም ክፍል ላይ መመታት አለበት፤ የሚመታውም ብረቱ ግሎ በውሃ ከመጠንከሩ በፊት ነው። በእጀታው ላይ ሲሆን እጅ ዘወትር የሚጨብጠውን ክፍል ማስወገድ ይገባል።

የቀጥቃጩ ድርሻ

ስጦታውን ከሩቅ አገር ማስመጣት ብቸኛው መንገድ አይደለም። ቀጥቃጮች ከተጣለ የመኪና ባሌስትራ ማጭድ፣ ማረሻና መጥረቢያ ማውጣትን ሲሠሩበት ኖረዋል። ባሌስትራ ክብደት ተሸክሞ እንዲለጠጥና እንዲመለስ የተሠራ ብረት በመሆኑ በአግባቡ ከተቀጠቀጠ ጥሩ ስለት ይወጣዋል። አንድ መደብር ወይም ማኅበር በክረምት፣ ገበያው በሚቀዘቅዝበት ወቅት፣ ለአካባቢው ቀጥቃጮች 40 ወይም 50 ማጭድ ቢያዝ ለባለሙያው የሥራ ጊዜ ይሆንለታል፤ ገንዘቡም ከአካባቢው አይወጣም።

በዚህ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ቀጥቃጩ በኢትዮጵያ ብዙ አካባቢዎች ሥራው እየተፈለገ ስሙ ግን ሲናቅ የኖረ ባለሙያ ነው። ከመደብሩ አርማ ጎን የባለሙያው የራሱ ምልክት እንዲመታ መፍቀድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ማጭዱ ሲዶለዱም ባለቤቱ ወደ ማን እንደሚመልሰው ያውቃል፤ ቀጥቃጩም ስሙ ያለበትን ሥራ አያበላሽም።

ተቃራኒውም አለ። አንድ ድርጅት በመከር ዋዜማ በሺህ የሚቆጠር ነጻ ማጭድ በአንድ ወረዳ ቢያድል፣ ያንን ወር ሲጠብቅ የከረመው ቀጥቃጭ ገበያውን ያጣል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ ደርሶ እንደነበረው ባለ ጊዜ፣ ንብረቱን ላጣ ቤተሰብ መሣሪያ መስጠት የሕይወት ጉዳይ ነው፤ የለጋሹ አርማም ዕቃው ከማን እንደመጣና ለሽያጭ እንዳልሆነ ያስታውቃል። በሰላሙ ጊዜ ለማስታወቂያ የሚታደል መሣሪያ ግን መጠኑ የአካባቢውን ባለሙያ እንዳይጎዳ መመዘን ይኖርበታል።

ለሠራተኛ ሲሆን፦ ስጦታ ነው ወይስ መብት?

አሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በሥራ ውሉ በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር፣ ለሥራው የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። የአደጋ መከላከያ ልብስና ዕቃ ማቅረብ፣ አጠቃቀሙንም ማሳየት እንዲሁ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ስለዚህ በፀረ ተባይ ርጭት ለሚሠራ ሠራተኛ የተሰጠ ጓንትና ጭምብል፣ ለግንባታ ሠራተኛ የተሰጠ የራስ ቁርና ጫማ አርማ ስላለበት ብቻ ስጦታ አይባልም። በበዓል ቀን በፎቶግራፍ ታጅቦ ቢሰጥ እንኳ ሕግ ያዘዘው ግዴታ ነው። እውነተኛ ስጦታ የሚባለው ከዚያ በላይ የሆነው፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ወስዶ ለራሱ ጓሮና ለራሱ ሥራ የሚጠቀምበት ነው። ብዙ የከተማ ሠራተኞች በገጠር ካለው ቤተሰባቸው ጋር የእርሻ ትስስር ስላላቸው አንድ ጥሩ መጥረቢያ ከሦስት ካናቴራ ይልቅ ሊያስደስታቸው ይችላል። ስጦታው የአገልግሎት ዘመኑን ወይም መልካም ሥራውን ምክንያት አድርጎ ከመጣና የድርጅቱ አርማ አነስ ብሎ የሠራተኛው ስም ጎላ ካለ፣ ክብሩ ለተቀባዩ ይሆናል።

ሕግና ሥነ ምግባር የሚያሰምሩት ድንበር

ማንኛውም ምርት በስጦታ ዕቃ ሊተዋወቅ አይችልም። የሸዋ ሮቢት አካባቢ ከትምባሆ እርሻ ጋር ለረጅም ዘመን ስሙ የተያያዘ ቢሆንም፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ምርትን ማስተዋወቅንና በስፖንሰርነት ስም ማስጠራትን ከልክሏል። ይኸው አዋጅ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ አግዷል።

ለአርሶ አደሩ ይበልጥ የሚቀርበው የፀረ ተባይ ጉዳይ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የሚደግፉት ዓለም አቀፍ የፀረ ተባይ አያያዝ የሥነ ምግባር ደንብ፣ ገዢን ለመሳብ ተብሎ ተገቢ ያልሆነ ማበረታቻና ስጦታ እንዳይሰጥ ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስጦታውን ለማግኘት ሲባል ከሚያስፈልገው በላይ የተገዛ መርዝ ወይ ከልክ በላይ ይረጫል፣ ወይ በቤት ውስጥ ይከማቻል። አርማ ያለበት ባዶ የፀረ ተባይ ዕቃም ቢታጠብ እንኳ ውሃ መቅጃ ወይም እህል ማስቀመጫ ሊሆን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የእናት ጡት ወተት ምትክ ምርቶች ግብይት ዓለም አቀፍ ደንብም በተመሳሳይ ምክንያት አምራቾች ምርታቸውን የሚያስተዋውቅ የስጦታ ዕቃ ለእናቶች እንዳያድሉ ይጠይቃል።

ለመንግሥት ሠራተኛ የሚሰጥ ስጦታ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። አርሶ አደሩን የትኛውን ዘርና ኬሚካል እንዲጠቀም የሚመክር የግብርና ባለሙያ ከሻጩ ስጦታ ሲቀበል ምክሩ ይጠረጠራል። ለውሳኔ መግዣ የተሰጠ ከሆነማ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን በሙስና ወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

ስሙ የእኔ ነው የሚል ነጋዴም ቀድሞ ማስመዝገብ ይበጀዋል። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት ለሰባት ዓመት ጥበቃ ያገኛል፤ ሊታደስም ይችላል። የሌላውን ታዋቂ አርማ በራስ ዕቃ ላይ ማሳረፍ ግን ገዢን ማታለልና ሕግን መጣስ ነው። ወጪውን በተመለከተ፣ በግብር ሒሳብ ተቀናሽ እንዲሆን የሚጠይቅ ነጋዴ ወጪው ለንግዱ አስፈላጊ መሆኑን በሕጋዊ ደረሰኝ ማስረዳት ይኖርበታል። ለሠራተኛ በዓይነት የሚሰጥ ጥቅምም ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ተደርጎ ሊታይ ስለሚችል አስቀድሞ የገቢዎችን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ከኋላ ውዝግብ ያድናል።

ተቀባዩስ ምን ይመልከት?

ስጦታ የሚቀበለው አርሶ አደርም ሆነ የከተማ ነዋሪ ሦስት ነገሮችን ሊያጤን ይችላል። መጀመሪያ፣ ዕቃው በነጻ ነው ወይስ ዋጋው በሌላ ዕቃ ላይ ተጨምሯል? «አንድ ኩንታል ለገዛ አካፋ በነጻ» ሲባል የኩንታሉን ዋጋ ከጎረቤት ሱቅ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው። ሁለተኛ፣ ዕቃው ለሥራ ይበቃል? እጀታው እንዳይወልቅ፣ ስለቱ እንዳይዘምም ከቤት ሳይወጣ መፈተሽ በማሳ ላይ ከመቸገርና ከመቁሰል ያድናል። ሦስተኛ፣ ስጦታው ምርጫን እየለወጠ ነው? የሚገዛው ዘር ለማሳው የሚስማማ መሆኑን የሚወስነው አፈሩና ዝናሙ እንጂ ከዘሩ ጋር የመጣው ኮፍያ አይደለም።

ለነጋዴው ያለው መመዘኛ ደግሞ ከዚህ ያጠረ ነው። ዕቃውን ለደንበኛ ከመስጠቱ በፊት ለራሱ ቤተሰብ ማሳ ሰጥቶ አንድ የሥራ ወቅት ያሠራበት። በጀውሃ ወንዝ ዳር የሽንኩርት መደብ ኮትኩቶ፣ ማሽላ አጭዶ፣ ቦይ ጠርጎ ሳይሰበር የተመለሰ መሣሪያ ስም ሊያርፍበት ይገባዋል። ያልተመለሰው ግን ስም ሳይጻፍበት ቢቀር ለሰጪውም ለተቀባዩም ይሻላል።